ተህዋስያኑን ማን ይሸከማቸው? ሕያው ማዳበሪያ ከጋሪ አፈር እስከ 125 ግራም ከረጢት

ባቄላ ወይም አተር ተዘርቶበት የከረመ ማሳ ለገብስ እንደሚመች የጨንቻ፣ የቦንኬና የዲታ አርሶ አደር ከአባቶቹ የወረሰው ዕውቀት ነው። ምክንያቱ በሳይንስ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነበር። ሄልሪገልና ዊልፋርዝ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን፣ በጥራጥሬ ሥር ላይ የሚታዩት እባጮች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ለተክሉ እንደሚያስገኙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ቤየሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ በእባጩ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አራባ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ራይዞቢየም በሚል ስም ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የተሸካሚ ታሪክ ነው። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ፍጡር በመሆኑ እንደ ዩሪያ በጆንያ ተቋጥሮ ዓመት አይከርምም። የመጀመሪያው ተሸካሚ ራሱ አፈር ነበር፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ጥራጥሬ ካማረበት ማሳ አፈር በጋሪ እየተጫነ በአዲሱ ማሳ ላይ ይበተን ነበር። ሥራው አድካሚ ከመሆኑም በላይ አረምና በሽታም አብሮ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ኖቤና ሂልትነር «ናይትራጂን» ብለው የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ምርት ባክቴሪያውን በጠርሙስ ውስጥ በጄላቲን ላይ አሳድጎ የሚሸጥ ነበር። ጠርሙሱ ለጭነት ስለማይመች ቆይቶ ፒት የሚባለው የረግረግ ስፍራ አፈር ተተካ። ፒት ደቅቆ ሲዘጋጅ እርጥበት ይይዛል፣ ባክቴሪያውን ከድርቀት ይጠብቃል፣ ከዘሩ ጋር ተቀብሮም በማሳው ውስጥ በስብሶ አፈር ይሆናል።

በአገራችን ተመራማሪዎች ፒትን ብቻ አልጠበቁም። ሊግናይት የተባለው ለጋ የድንጋይ ከሰል ተሞክሯል፤ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በተካሄዱ ሙከራዎችም የስኳር ፋብሪካ ጭቃ ተብላልቶ ተሸካሚ ሆኖ አገልግሏል። ይህ ጭቃ የአገዳ ጭማቂ ሲጣራ የሚቀር ተረፈ ምርት ነው። የኦሞ ኩራዝ ፋብሪካዎች ለእኛ ሩቅ ባለመሆናቸው በዩኒየኖች በኩል ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል። ለገበያ በማቅረብ ረገድ መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ድርጅት ይጠቀሳል፤ ኤን ቱ አፍሪካ የተሰኘው ፕሮጀክትም በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምርቱን በአርሶ አደር ማሳ ላይ እንዲታይ አድርጓል። የተለመደው ከረጢት 125 ግራም ሲሆን ለሩብ ሄክታር፣ ማለትም ለአንድ ጥማድ ያህል ይበቃል። ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጋር ሲነጻጸር የትራንስፖርት ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም ለባቄላ የተዘጋጀው ለቦሎቄ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጥራጥሬ የራሱን ባክቴሪያ ይመርጣል።

ለእኛ ዞን ዋናው ፈተና ሙቀት ነው። ከረጢቱ ወደ ጨንቻ ከመውጣቱ በፊት በአርባ ምንጭ ቆላ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሳምንታት ከቆየ ባክቴሪያው ያልቃል። የሞተውና ሕያው የሆነው በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም ጥቁር ዱቄት ናቸው። አባሉ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዘሩን አሽቶ፣ ለውጥ ሳያይ ሲቀር ጥፋቱን በቴክኖሎጂው ላይ ያደርጋል፤ በቀጣዩ ዓመትም አይገዛም። የማዳበሪያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 ምን ያህል እንዳሻቀበ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ኪሳራ እንደሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ የመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘንም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል። በደጋው ደግሞ የአፈር አሲዳማነት ባክቴሪያውን ስለሚጎዳ ኖራ አስቀድሞ መጨመር ያስፈልጋል።

ሙቀትንና ድርቀትን የሚቋቋም ተሸካሚ ፍለጋው ዛሬም ቀጥሏል። ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት እንደ ጥራጥሬ ፍሬ ተድቦልቡሎ ባክቴሪያውን በውስጡ ይይዛል፤ በአፈር ውስጥም ቀስ በቀስ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሐር ፕሮቲንንና ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳርን ከራይዞቢየም ጋር ቀላቅለው የቦሎቄ ዘር ቀቡ። ዘሩ ጨዋማ በሆነ አፈር ላይ ካልተቀባው የተሻለ በቀለ። በመስኖ በሚለማው ቆላችን የጨው ነገር ስለሚያሳስብ ወሬው ሊያጓጓን ይችላል፤ ዋጋው ለአንድ ጥማድ ባለቤት እስኪሆን ግን ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው ያለው ከረጢት ከመረከብ በፊት የማብቂያ ቀኑ ይታይ፤ በቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ስፍራ ይቀመጥ። ዘሩ በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ በጥላ ሥር ይታሽ፤ በዚያው ቀንም ተዘርቶ አፈር ይልበስ። ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ከነሥራቸው ቆፍሮ አውጥቶ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው።