ጠፍታ የተገኘችው የፀሐይ ዘብ

እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1998 ሶሆ የተባለችው ሳተላይት ድምጿ ጠፋ። የአውሮፓ የህዋ ኤጀንሲና ናሳ በጋራ ያመጠቋት ይህች ሳተላይት ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ሌሊት በማይደርስበት ስፍራ ሆና ፀሐይን ያለማቋረጥ ትከታተል ነበር። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ በቢሊዮን ቶን የሚመዘን ትኩስ ቁስ ከራሷ ትወረውራለች። ይህ ቁስ የሚያልፍበት ኮሮና የተባለው ውጫዊ ክፍሏ ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ከምድር በዓይን የሚታየው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው በርናርድ ሊዮ በ1930 ገደማ የፀሐይን ገጽ በክብ ሳህን የሚጋርድ ኮሮናግራፍ ሠራ፤ የምድር አየር የሚበትነው ብርሃን ግን እይታውን ይሸፍንበት ነበር። መሣሪያው ከአየር በላይ ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። በዲሴምበር 1971 ኦኤስኦ-7 የተባለች ሳተላይት ከኮሮና ሲወጣ የሚታይ ፍንዳታ ቀረጸች። በ1973 ደግሞ ስካይላብ በተባለው የህዋ ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች ተመሳሳይ ፍንዳታዎችን ቀረጹ።

ሶሆ የበለጠ ነገር አመጣች። ወደ ምድር የሚገሰግስ ፍንዳታ በኮሮናግራፎቿ ላይ ሳህኑን እንደ ቀለበት ከብቦ ይታያል። ይህን ያየ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የመዘጋጃ ጊዜ ያገኛል።

ታዲያ ይህች ዓይን እንዴት ጠፋች? የአደጋው መርማሪዎች ሳተላይቷ ላይ እንከን አላገኙም። ስህተቱ ምድር ላይ ነበር፤ የሥራ ቅደም ተከተሉ በቂ ፍተሻ ሳይደረግበት ተለውጦ ነበር፣ ሠራተኞቹ ጥቂት፣ ሥራው ግን ብዙ ነበር። ደህና የነበረውን ጃይሮስኮፕ (የሳተላይቷን መሽከርከር የሚለካ መሣሪያ) ተበላሽቷል ብለው አጠፉት። ሶሆ ሚዛኗን ስታ መሽከርከር ጀመረች፤ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቿ ብርሃን አጡ፣ ኃይሏም አለቀ።

ሠራተኞቹ ጥፋቱን ሳይክዱ ፍለጋውን መቀጠላቸው ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግናቸው ይመስለኛል። በጁላይ ወር በፖርቶ ሪኮ ይገኝ የነበረው 305 ሜትር ስፋት የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የራዳር ሞገድ ላከ፤ ተመላሹን ሞገድ ካሊፎርኒያ ያለው የጎልድስቶን አንቴና ተቀበለው። ሶሆ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ቀስ እያለች ትሽከረከራለች። ኦገስት 3 ቀን ደካማ ምልክት ሰጠች። ነዳጇ ሃይድራዚን በረዶ ሆኖ ስለነበር፣ ባትሪዎቿን ሞልተው በታንኩና በቧንቧዎቹ ያለውን ነዳጅ ቀስ በቀስ ለማቅለጥ ሳምንታት ፈጀባቸው። ሴፕቴምበር 16 ቀን ፊቷን ወደ ፀሐይ መለሱት። በዲሴምበር የመጨረሻው ጃይሮስኮፕ ሲበላሽ ደግሞ ያለ ጃይሮስኮፕ የምትሠራበትን ሶፍትዌር ጽፈው ላኩላት።

ድካሙ መና አልቀረም። በኦክቶበር 28 ቀን 2003 ከፀሐይ የተወረወረውን ኃይለኛ ፍንዳታ ሶሆ ወዲያው አየችው፤ ፍንዳታው ምድር ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። በዚያው ሰሞን የፀሐይ ፍንዳታዎች ባስነሱት ማዕበል በስዊድን ማልሞ ከተማ መብራት ጠፋ።

ለሁለት ዓመት አገልግሎት የታቀደችው ሶሆ ሩብ ምዕተ ዓመት ተሻግራ ስታገለግል፣ በጁን 2024 ጎኢስ-19 የተባለችው የአየር ሁኔታ ሳተላይት የራሷን ኮሮናግራፍ ይዛ ሥራዋን ልትረከብ ወደ ህዋ ወጣች።