በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚሰጥ የተመላላሽ አእምሮ ሕክምና፤ የአሜሪካ ሕጎች አመጣጥና ትምህርታቸው

መግቢያ

በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ሕመሙን ሳይረዳ ከሕክምና ሲርቅ፣ መንግሥት እስከ ምን ድረስ ሊያስገድደው ይገባል? ይህ ጥያቄ የግለሰብን ነጻነትና የኅብረተሰብን ደኅንነት በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ነው። በአሜሪካ ለጥያቄው ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ ሕመምተኛው በቤቱ እየኖረ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲታከም የሚያደርገው ሕግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕጉን አመጣጥ መመርመርና ከአፈጻጸሙ የተገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሆስፒታል ወደ ኅብረተሰብ

በ1955 በክፍላተ ግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ550,000 በላይ ሕሙማን ተኝተው ይገኙ ነበር። በ1954 ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በአገሪቱ ሥራ ላይ መዋሉ፣ ብዙ ሕሙማን ከሆስፒታል ውጭ ሊኖሩ ይችላሉ የሚል ተስፋ አሳደረ። በዚህም መሠረት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጥቅምት ወር 1963 በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ማዕከሎች እንዲቋቋሙ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። ይሁን እንጂ ይቋቋማሉ ተብለው ከታቀዱት ወደ 1,500 ከሚጠጉ ማዕከሎች የተሠሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የሆስፒታሎቹ አልጋዎች ሲቀነሱ፣ በምትካቸው ሊቆም የሚገባው አገልግሎት ሳይሟላ ቀረ።

ፍርድ ቤቶችም በበኩላቸው የማስገደድን ሥልጣን አጠበቡ። በ1966 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አንድን ሰው ሆስፒታል ከማስገባት በፊት ነጻነቱን በአነስተኛ ደረጃ የሚገድብ አማራጭ እንዲፈለግ ወሰነ። በ1975 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በፍሎሪዳ ለ15 ዓመታት ያህል ተይዞ በቆየ ሰው ጉዳይ፣ አደጋ የማያደርስንና በራሱም ሆነ በወዳጆቹ ረዳትነት ሊኖር የሚችልን ሰው እንዲያው አግቶ ማቆየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን አረጋገጠ።

የኒው ዮርክ ሕግ

የተመላላሽ ሕክምና ትእዛዝ በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች መካከል የተገኘ መንገድ ነው። ትእዛዙ በሌሎች ክፍላተ ግዛት ቀደም ብሎ የተሠራበት ቢሆንም፣ ይበልጥ የታወቀው በኒው ዮርክ ነው። በጥር ወር 1999 ስኪዞፍሬኒያ የነበረበት አንድ ሰው፣ ኬንድራ ዌብዴል የተባለችን ወጣት ሴት በምድር ውስጥ ባቡር ፊት ገፍትሮ ገደላት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አገረ ገዥው ጆርጅ ፓታኪ «የኬንድራ ሕግ» ተብሎ የሚጠራውን ሕግ ፈረሙ።

ሕጉ የሚመለከተው ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ሕክምናቸውን በማቋረጣቸው ምክንያት በተደጋጋሚ ሆስፒታል የገቡትን ወይም የኃይል ድርጊት የፈጸሙትን ሕሙማን ነው። ሕመምተኛው ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ትእዛዙን ቢጥስ ለምርመራ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል፤ ትእዛዙ ብቻውን ግን መድኃኒት በኃይል ለመስጠት አያስችልም። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2004 ሕጉን ያጸናው በተለይ ይህን በመገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ታላቅ ነገር አለ። ለሕጉ መነሻ የሆነው ገዳይ ሕክምናን ሁልጊዜ የሸሸ ሰው አልነበረም፤ ከድርጊቱ በፊት ደጋግሞ ወደ ሆስፒታሎች እየሄደ እርዳታ ጠይቆ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱ የታማሚው እምቢተኝነት ብቻ ሳይሆን የአገልግሎቱም አለመኖር ነበር።

የጥናቶች ውጤት

በኒው ዮርክ በቤልቪው ሆስፒታል የተካሄደውና በ2001 የታተመው ጥናት 142 ሕሙማንን በሁለት ወገን ከፍሎ አነጻጸረ። ሁለቱም ወገኖች የተሻሻለ አገልግሎት ሲያገኙ፣ ትእዛዝ የተሰጠው አንደኛው ብቻ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል በመመለስ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል በ2009 የቀረበው የሕጉ ግምገማ፣ ትእዛዝ በተሰጣቸው ዘንድ ሆስፒታል መግባት መቀነሱን ገለጸ። ለዚህም የአገልግሎቱን መጨመር ዋና ምክንያት አድርጎ፣ ትእዛዙም የራሱ ተጨማሪ ጥቅም ያለው እንደሚመስል አመለከተ። ትእዛዙ ከሕዝብ ብዛታቸው ድርሻ በላይ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ መውደቁ ግን እስካሁን ያከራክራል።

የካሊፎርኒያም ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። በዚያ በ2002 የወጣው ሕግ አፈጻጸሙን ለየአውራጃዎቹ ምርጫ ሲተው፣ የተለየ በጀት አልመደበም። በዚህም የተነሳ ሕጉ በመጀመሪያው አውራጃ በተሟላ ሁኔታ ሥራ ላይ የዋለው ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ በ2008 ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው መረዳት እንደሚቻለው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስረው ሕመምተኛውን ብቻ ከሆነ ፍሬው አነስተኛ ነው። ትእዛዙ ሐኪሙን፣ የበጀት ኃላፊውንና አስተዳደሩን ጭምር ሲያስር ግን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህም ለሕክምና ብቻ የሚነገር አይደለም። ዜጎች አንድን አገልግሎት እንዲቀበሉ በሕግ በሚገደዱበት ሥራ ሁሉ፣ ዕቅድ አውጪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አገልግሎቱ በእርግጥ በቦታው መኖሩን ነው።