የአብራሪ ልብስ እንደ ታሪክ ማስረጃ

ከሚኤሶ ቆላ ወደ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) የሚወጣ መንገደኛ ጋቢውን የሚሻው መንገዱ ሳያልቅ ነው፤ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛልና። በአብራሪ ላይ ደግሞ ይህ ይበረታል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ መቀመጫው ክዳን አልነበረውም። ከጠረፉ ሐሩር የተነሣ ሰው ደጋውን የሚሻገረው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነው።

መፍትሔው ከጦርነት መጣ። በ1909 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ሲድኒ ኮተን፣ ዘይት የጠጣው ቱታው ከጓደኞቹ ልብስ ይልቅ እንዳሞቀው አስተውሎ «ሲድኮት» የተባለውን ድርብርብ ልብስ አወጣ። ኋላም ጠጉሩ ወደ ውስጥ የሆነ የበግ ቆዳ ኮት ተከተለ፤ ደበሎ ለባሹ የመንዝ እረኛ ቢያየው የሚደነቅ አይመስለኝም።

ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት የፋብሪካውን ምልክት ነው። ለታሪክ ተማሪ ግን የዘይቱ እድፍ፣ የተጣፈው ክርንና የተለወጠው ቁልፍ ይበልጣሉ፤ ልብሱ በምን ሥራ እንዳለቀ የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና ወይም በበዴሳ ከአንድ ቤት ሣጥን የአየር ኃይል ሰው ኮት ቢገኝ፣ ሳይታጠብና ሳይሸጥ የለባሹን ስም፣ የሠራበትን ቦታና ዓመት ከቤተ ሰቡ ጠይቆ፣ በወረቀት ጽፎ ከኪሱ ማኖር ይገባል።