እጁና ጠርሙሱ

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘይት ነው። አይዟችሁ፣ ስለ ዋጋው አይደለም! ጊዜው ሳይደርስ በተወለደ ሕፃን ገላ ላይ ስለሚቀባው ዘይት ነው። ነገሩ የአራስ ቤት ወሬ ይመስላል፤ ገባ ብለው ሲያዩት ግን የላቦራቶሪ አይጦች፣ የሰናፍጭ ጠርሙሶችና አንድ የዳካ ሆስፒታል ያሉበት የመቶ ዓመት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።)

ሕፃን መቀባት አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኑስ ስለ አራስ ልጅ አያያዝ ሲጽፍ በጨው ማሸትንም በዘይት ማሸትንም ያነሳል። (ጨዉን ከትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 የምታስታውሱት ትኖራላችሁ።) በሰሜን ሕንድ፣ በኔፓልና በባንግላዴሽ ልጅ የሚታሸው በሰናፍጭ ዘይት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቅቤ አለ። አራስ ጥየቃ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ የልጁ እርግብግቢት ላይ ለጋ ቅቤ ጣል ይደረጋል፣ ገላው ይታሻል፣ እጅና እግሩ ይሳባል። ከተሜው በኋላ ቅቤውን በቫዝሊን ተካው እንጂ መቀባቱን አልተወም። (ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጡ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሐኪሞች አጥብቀው ይከለክሉታል፣ እኛም ከእነሱ ጋር ነን።)

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል «ልማድ» ይባላል። ልማድ የተባለ ነገር ዕጣው ደግሞ ሁለት ነው፤ ወይ ይናቃል፣ ወይ ይሞገሳል። ምን እንደሚሠራ የሚመረምረው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለመሆኑ ጊዜው ያልደረሰ ልጅ ቆዳ ምን ሆኖ ነው ቅባት የሚያስፈልገው?

ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ የሚወለድ ሕፃን ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ገላውን የሸፈነው ነጭ ቅባት መሳይ ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በደንብ የተደራረበ የላይኛው ቆዳ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የሚሠሩት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በስድስተኛው ወር አካባቢ የመጣ ልጅ ታዲያ ነጩ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል፤ የላይኛው ቆዳውም ጥቂት ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ሃማርሉንድና ሴዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ከ1979 ጀምሮ ከጨቅላ ሕፃናት ቆዳ በትነት የሚወጣውን ውኃ ሲለኩ፣ በ25ኛው ሳምንት ገደማ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚያጣው ውኃ ጊዜውን ጠብቆ ከተወለደው 15 እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አገኙ። ውኃው ሲተን ሙቀትም ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ይቀዘቅዛል። ውኃ በሚወጣበት ስስ ቆዳ በኩል ደግሞ ጀርም ይገባል። አንድ ኪሎ ለማይሞላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አይጦቹ። በ1929 አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድረድ በር አይጦችን ምንም ስብ የሌለበት ምግብ እየመገቡ ያዩ ነበር። አይጦቹ ቆዳቸው ይቀረፈፍ ጀመር፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ አይረኩም። ውኃው በቆዳቸው በኩል እያመለጠ ነበር። መድኃኒቱ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የስብ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከምግብ መምጣት አለበት፤ የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ደግሞ ሞልቷል።

ከዚያ 45 ዓመት እንለፍ። በ1974 «ላንሴት» ላይ የወጣ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ይህ ስብ ያጠራቸው ሦስት ሕመምተኞች የሱፍ አበባ ዘይት ቆዳቸው ላይ ሲቀባ ጉድለታቸው እንደተስተካከለ ዘገበ። ማለትም ቆዳ ይጠጣል! በ1976 ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። በ1978 ግን ሌሎች ሐኪሞች በጨቅላዎች ላይ ሞክረው አልሠራልንም አሉ። ነገሩ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያነሳው ጋሪ ዳርምስታት የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በድሃ አገሮች ሕፃን የሚታሽባቸውን ዘይቶች ሰብስበው ቆዳቸው የተጎዳ አይጦች ላይ ቀቡ። እኛን ወደዚህ ጽሑፍ የጎተተን ይኼ ጥናት ነው። የሱፍ አበባ ዘይት አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቆዳውን ማገገም አፋጠነ። የሰናፍጭ ዘይት፣ የወይራ ዘይትና የአኩሪ አተር ዘይት ግን አዘገዩት። በተለይ ሰናፍጩ ቆዳውን ይጎዳ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አያቶች በፍቅር ያሹ የነበረው በዚያ ዘይት ነው። እጁ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ጠርሙሱ ነው።

አይጥ አይጥ ነው፣ ልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ሰው ላይ መሞከር ነበረበት። ካይሮ በቀስር አል ዓይኒ ሆስፒታል ከ34 ሳምንት በፊት በተወለዱ 103 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2004 ሲታተም፣ በሱፍ አበባ ዘይት የታሹት ከሆስፒታል የሚይዛቸው ኢንፌክሽን ከግማሽ በላይ ቀንሶ ታየ። ትልቁ ሙከራ ግን የዳካው ነው። በዳካ የሕፃናት ሆስፒታል ከ1998 እስከ 2003፣ በ33 ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት የተወለዱ 497 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ፤ ለአንዱ ቡድን የሱፍ አበባ ዘይት፣ ለሌላው አኳፎር የሚባል የቫዝሊን ዘመድ፣ ለሦስተኛው ምንም። ቅባቱ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ከሆስፒታል እስኪወጡ ሁለት ጊዜ ነበር። በ2005 ውጤቱ ወጣ፤ በሱፍ አበባ ዘይቱ ቡድን ኢንፌክሽን በ41 በመቶ ቀነሰ። በ2008 ደግሞ የሞቱ ቁጥር ታተመ፤ በዘይቱ 26 በመቶ፣ በአኳፎሩ 32 በመቶ ቅናሽ። ወጥ ቤት ያለ ዘይት ነው እኮ ይህን ያደረገው።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብንጨርሰው ደስ ይል ነበር፤ ታሪኩ ግን እምቢ ይላል። ካይሮና ዳካ ይህን ሲያዩ አሜሪካኖቹ ሌላ ነገር አገኙ። በ2004 የታተመው የቬርሞንት ኦክስፎርድ ኔትወርክ ሙከራ ከ501 እስከ 1,000 ግራም የሚመዝኑ 1,191 ሕፃናትን ይዞ ያን አኳፎር በገፍ መቀባት ምን እንደሚያመጣ አየ። ሞት አልቀነሰም። ከ750 ግራም በታች ባሉት ላይ እንዲያውም አንድ ዓይነት የደም ኢንፌክሽን ጨመረ! ያው ቅባት፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ውጤት። እኛ ከዚህ የምናነበው፣ ቅባት የሚሠራው ሥራ ሕፃኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነና በየት ዓይነት ክፍል እንደተኛ ይለያያል የሚለውን ነው። «ውጭ አገር ትተውታል» ብሎ መዝጋትም፣ «ዳካ ሠርቷል» ብሎ ሁሉም ቤት መቀባትም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

ሕንድ ውስጥ ኡታር ፕራዴሽ ደግሞ ከ26 ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ በየመንደሩ ሰናፍጩ በሱፍ አበባ ዘይት እንዲተካ ተደርጎ ታየ። በጠቅላላው ሲታይ በሞት ላይ ልዩነት አልመጣም። ከ1,500 ግራም ባልበለጡት ላይ ግን ሞቱ በግማሽ ገደማ ወረደ። ጥቅሙ በጣም ትንንሾቹ ዘንድ ነው ማለት ነው።

«ናቹራል ነው» ለምትሉ ወዳጆቻችንም አንድ ነገር። (እናውቃችኋለን፤ የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ለጓደኛችሁ ልጅ ስጦታ ይዛችሁ የምትሄዱ!) ሰናፍጭም ናቹራል ነው። በ2016 ከእንግሊዝ ማንቸስተር የወጣ ጥናት ደግሞ ጊዜያቸውን ጠብቀው በተወለዱ 115 ሕፃናት ላይ የወይራንም የሱፍ አበባንም ዘይት ሞክሮ፣ ሁለቱም የቆዳው ስብ በሥርዓት እንዳይደረደር እንደሚያውኩ አሳየ። ጤነኛ፣ ዘጠኝ ወሩን የጨረሰ ልጅ የራሱ ቆዳ አለው፤ የጎደለው ነገር የለም። በተጨማሪም የሱፍ አበባ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለመጥበሻ እንዲመች ተብሎ ሊኖሌይክ አሲዱ አንሶ ኦሌይክ የሚባለው እንዲበዛ ተደርጎ የሚመረት አለ። የዳካው ሊኖሌይኩ የበዛው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2022 ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለተወለዱና ክብደታቸው ስላነሰ ሕፃናት አዲስ መመሪያ ሲያወጣ ዘይትንም አነሳ። ቃሉ ጥንቃቄ የበዛበት ነው፤ ዘይት መቀባት «ሊታሰብበት ይችላል» ይላል። ይህን ያህል ዓመት ተሞክሮ «ይችላል» ብቻ? አዎ። እኛ ግን ይህን ቃል ወደድነው፤ በራሱ የማይተማመን ሰው ነው «ፍቱን ነው» እያለ የሚጮኸው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2019 ታትሟል። ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወልደው ከተኙት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለ45 በመቶው ዋናው ምክንያት ሳንባቸው አለመድረሱ ነው፤ ዘይት ሳንባን ምንም አያደርገውም። 30 በመቶውን የገደለው ግን ኢንፌክሽን ነው። ካይሮና ዳካ ያዩት ክፍል ከቬርሞንት ኦክስፎርዱ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በዚህ ነው። ከዘይቱ በፊት የሚመጣም አለ፤ ልጁን ከእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማሰር። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ ይህንኑ አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረው በ2005 ሲያሳትሙ፣ ገና ከመጀመሪያው እናታቸው ደረት ላይ የታቀፉት ሕፃናት የተሻለ ተርፈው ነበር። እሱ ደግሞ ጠርሙስም አያስፈልገው።

ስለ ኑግ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ኑግ የሱፍ አበባ ዘመድ ነው፤ ዘይቱም በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የቆጠርናቸው ውጤቶች የኑግ አይደሉም፤ ገበያ ላይ ያለው ኑግ ላይ ምን እንደተቀላቀለ ደግሞ ሻጩ ይወቀው። ስለዚህ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የተኛ ልጅ ያላችሁ፣ ምንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት ጠርሙሱን ይዛችሁ ነርሷን ጠይቁ። ቅቤዋን ለእናትየው ገንፎ አቆዩላት።