አሞሌና ደመወዝ

«ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎች ሲፈቱት ደምና ወዝ ነው ይላሉ፤ ሠርቶ አደር ደሙን አፍስሶ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ማለታቸው ነው። ፈረንጆቹ ለዚሁ ነገር ያላቸው ስም «ሳላሪዩም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ሥሩ ጨው ነው። የሮም ወታደር ደመወዙን ጨው ይቀበል ነበር የሚለውን ወሬ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የታሪክ ሰዎች ግን ማስረጃ የለውም ይላሉ። በሮም ወሬ የሆነው ነገር እኔ ይህን በምጽፍባት በመቀሌ ደጃፍ እውነት ነበር። አሞሌ ጨው ለዘመናት የአገራችን ገንዘብ ነበርና የሰው ድካምም በእርሱ ተቆጥሯል።

አሞሌው የሚቆረጠው ከመቀሌ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተኛው የአፋር ረባዳ ነው። አንዱ በረጅም ዘንግ የጨዉን ቅርፊት ፈንቅሎ ያነሣል፤ ሌላው በመጥረቢያ ጠርቦ ያስተካክላል፤ «አርሆ» የሚባሉት ነጋድያን ደግሞ በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋው ያወጡታል። ሦስቱም ከአንድ ጨው ይበላሉ፤ ድርሻቸው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም።

በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባውና ስድስት ዓመት የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ይህንን ነገር እንደ ነጋዴ ቆጥሮ ጽፎልናል። ጨው በሚቆረጥበት ስፍራ ለአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ገበያ በአምስት በስድስት አሞሌ ይቀንሳል። እንዲህ ከገበያ ገበያ እየቀነሰ ንጉሡ ካሉበት ሰፈር ሲደርስ ያው ድራም ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ያስገኛል። ልብ በሉ፣ ያው ጨው ነው። መንገድ ላይ አልጣፈጠም፣ አልከበደም፤ ዋጋው ግን ወደ ሃያ እጥፍ አደገ። ፀሐዩ እየጠበሰው የፈነቀለው ሰው በእጁ የያዘው ርካሹን ጨው ነበር። የቀረው ዋጋ የመንገዱ፣ የግመሉ፣ የኬላው፣ የዝናቡና የሽፍታው ነው።

ስለ ደመወዝ ልዩነት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ የአልቫሬዝን ያህል አጭርና ግልጽ የሆነ ግን አላጋጠመኝም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. በስማቸው ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልጠፋም፤ ወደ ሃያኛው መቶ ዘመን ተሻግሯል። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ በእርከን ይከፈለዋል፤ ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆኗል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ወለል የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም በሩን ከፍቶ ነበር። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ልጅ መነሻ ደመወዟ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፏል፤ የባንግላዴሽ ባልንጀራዋ 95፣ የኬንያዋ 207 ዶላር ያገኙ ነበር። ሸሚዙ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥበትን ዋጋ ሳስብ አልቫሬዝ ትዝ ይለኛል። የመቀሌው ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ይኸው ዓይነት ሥራ ነበር።

እዚህ ከተማ ግን ከሁሉ የከፋው ልዩነት ሌላ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በሰኔ ባንኮች ተዘጉ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ ወራት እስኪያልፉ ድረስ የትግራይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አላየም። የ17 ወር ውዝፍ ይባላል። በአንድ አገር፣ በአንድ እርከን ላይ ስሙ የተጻፈ መምህር፣ አንዱ ወር በገባ ቁጥር ሲፈርም ሌላው ባዶ እጁን ቆየ።

አንድ የታሪክ መምህር ወዳጅ አለኝ። በእነዚያ ወራት መጀመሪያ ወንበሮቹን ሸጠ፤ ቀጥሎ የሚስቱን ጌጥ፤ መጻሕፍቱን በመጨረሻ። ባለፈው ቡና ስንጠጣ የአልቫሬዝን ቁጥር አነሣሁለት፤ ተማሪ ሆኖ ያነበበው ነውና በደንብ ያውቀዋል። ጥቂት ዝም ብሎ፣

«የዚያ ሰው ጨው በራቀ ቁጥር ይከብራል፤ የእኔ ደመወዝ በዘገየ ቁጥር ይሟሟል» አለኝ።

ሒሳቡንም ሠራልኝ። ደመወዙ በተቋረጠበት ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ ከ50 ብር በታች ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ውዝፉ ነገ ሳንቲም ሳይጎድል ቢከፈለው እንኳ የሚያገኘው ግማሹን አይሞላም። ይህንን ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈ ነበር።

ስንወጣ በገበያው በኩል አለፍን። ጨው ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆመና የተጠረበውን ጨው አንሥቶ በእጁ መዘነው።

«ኣደይ፣ ስንት ነው?»

ዋጋውን ነገሩት፤ ተከራከረ፤ ጥቂት ቀነሱለት። ከፍሎ ሲያበቃ ከየት እንደመጣ ጠየቃቸው።

«ከበርሃለ» አሉት። «በመኪና።»