የላስኮ ዋሻና የጐብኚዎች ብዛት

ሰው የወደደውን ነገር ለማየት ሲጐርፍ፥ ያንኑ የወደደውን ሳያስበው ሊያጠፋው ይችላል። ለዚህም በፈረንሳይ አገር፥ በዶርዶኝ አውራጃ የሚገኘው የላስኮ ዋሻ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው፥ የሰው ብዛት የሚያመጣውን ጉዳት ለመከላከል መሣሪያ ምን እንደ ረዳና ምን እንደ ተሳነው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዋሻውን በመስከረም ወር 1940 ያገኙት አራት ወጣቶች ናቸው። በውስጡ የፈረስ፥ የበሬና የአጋዘን ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ዕድሜያቸውም 17,000 ዓመት ያህል እንደሚሆን ይገመታል። አፉ ተደፍኖ አየሩም ሳይለዋወጥ በመኖሩ ሥዕሎቹ ሳይጠፉ ቈዩ። በ1948 ግን ለሕዝብ ተከፈተ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይም በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባበት ጀመር።

እያንዳንዱ ጐብኚ ሙቀቱንና ትንፋሹን ይዞ ይገባል። የትንፋሹ እንፋሎት በድንጋዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ የተቃጠለውም አየር ከዚያ ውሃ ጋር ተዋሕዶ ድንጋዩን ይበላዋል። ይህ በታወቀ ጊዜ ኀላፊዎቹ ዋሻውን በመዝጋት ፈንታ፥ በ1958 አየሩን የሚያጣራና ሙቀቱን የሚቈጣጠር መኪና አስተከሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቈይ፥ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር በመብራቱ ብርሃን እየተመገበ በግድግዳው ላይ በቀለ። ስለዚህ በሚያዝያ 1963 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ዋሻው ለሕዝብ እንዲዘጋ አደረጉ። ሕመሙ ግን ከዚያም በኋላ ፈጽሞ አልለቀቀውም፤ በ2001 ነጭ ሻጋታ ታየበት።

መሣሪያ ለሕዝቡ በእውነት የጠቀመው ከመዘጋቱ በኋላ ነው። ግድግዳው በፎቶግራፍ ተለክቶ፥ ከዋሻው 200 ሜትር ያህል ርቆ አምሳያው ተሠራና በ1983 ተከፈተ። አምሳያውም ራሱ ብዙ ሕዝብ ስለ ሳበ፥ ወደ ኮረብታው የሚወጡት አውቶሞቢሎች ለዋሻው አሳሳቢ ሆኑ። ስለዚህ በ2016 ከኮረብታው ግርጌ፥ በሞንቲኛክ፥ በሌዘር ጨረር ተለክቶ የተሠራ ሰፋ ያለ አምሳያ ተከፈተ።

እንግዲህ የፊተኛው መኪና ሕዝቡ መግባቱን እንዲቀጥል ያገለግል ነበር፤ አምሳያው ግን ሕዝቡን ሳያስከፋ ከዋሻው አራቀው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ይህ መድኃኒት ለቦታ ሁሉ አይሆንም። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን የሚሄደው ለመሳለምና ለመጸለይ ስለ ሆነ፥ አምሳያ ሠርተው ወደዚያ ሂድ ቢሉት አይረካም። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ቦታው ምን ያህል ሰው እንደሚችልና ሰው ወደዚያ ለምን እንደሚመጣ ነው። መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ ወዲያ ነው።