የአሽከርካሪው ሌሊት፦ ሥራ፣ አካባቢና የኑሮ ልማድ በእንቅልፍ ላይ

እንቅልፍ ያሸነፈው ሾፌር ያደረሰውን አደጋ የሚመረምር ባለሙያ አስፋልቱ ላይ ፈልጎ የሚያጣው ነገር አለ፤ የፍሬን ምልክት። ነቅቶ የተሳሳተ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት እንኳ ፍሬን ይረግጣል። ያንቀላፋው ግን በያዘው ፍጥነት ሄዶ ይጋጫል። ጂም ሆርን እና ሉዊዝ ሬይነር የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ይህንንና መሰል ምልክቶችን ይዘው የአደጋ መዝገቦችን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዋና ዋና መንገዶች ላይ ከደረሱት አደጋዎች 16 በመቶው ከእንቅልፍ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገለጹ። አደጋዎቹ በተለይ የሚበዙት ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ንጋት 12 ሰዓት እና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር።

እነዚህ ሰዓቶች በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። አሌክሳንደር ቦርቤይ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት እንቅልፍን ሁለት ኃይሎች ይገዙታል። አንደኛው ሰው በነቃበት ሰዓት ልክ እየተከማቸ የሚሄደው የእንቅልፍ ጫና ነው፤ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ መጠራቀሙ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ከብርሃንና ከጨለማ ጋር እየተናበበ የሚሠራው የሰውነት ሰዓት ነው። ማዕከሉ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ፣ የሰውነት ሙቀትም እንዲቀንስ ያደርጋል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽ እና ማይክል ያንግ ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሪ የጨበጠ ሰው ሁለቱም ኃይሎች በአንድነት ይዘምቱበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጉዳይ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከሚወስደው መንገድ በተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ አብዛኛውን የሚያጓጉዙትም ባለተሳቢ ከባድ መኪናዎች ናቸው። በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነሥቶ አዳማን፣ አዋሽንና ሚሌን አቋርጦ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። በሰኔና በሐምሌ የአፋር ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እንቅልፍ እንዲመጣ ደግሞ የሰውነት የውስጥ ሙቀት መቀነስ አለበት። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ቀን በጋቢና ውስጥ ጋደም የሚል ሾፌር ፀሐይ፣ ሙቀትና የሚያልፉ መኪናዎች ጩኸት ባንድ ላይ ይጠብቁታል። ከሰውነቱ ሰዓት በተቃራኒ ይተኛል፤ የተኛበት ቦታም ለእንቅልፍ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት ድምፅ ከመኝታ ቤት ውጭ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ከአውራ ጎዳና ዳር የቆመ ጋቢና ለዚህ ልኬት ሊቀርብ እንኳ አይችልም።

ከዚህ በኋላ ነው ጫት የሚመጣው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ማነቃቂያ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚዳከም እሸቱ ይፈለጋል። ምርቃናው ድካምን ይሸፍናል፤ የተጠራቀመውን የእንቅልፍ ዕዳ ግን አይከፍልም። መኪናው ሲቆም ሾፌሩ መተኛት ይፈልጋል፣ ዓይኑ ግን እምቢ ይላል። ያኔ ጨብሲ ይከተላል፤ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽም ይቆራርጠዋል። ሰውየው ደክሞት ይነሣል፤ ለድካሙም እንደገና ጫት ይገዛል። ቡናም ቢሆን የሚሠራው የአዴኖሲንን መቀበያዎች በመዝጋት ነው፤ ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌኑ ግማሽ ያህል ገና በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ሾፌሩን «ሱሰኛ» ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። ግን ይህ ዑደት የሚጀምረው ከሾፌሩ ጠባይ ሳይሆን ከተሰጠው የጉዞ ሰዓት ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እርሱ እንደሚለው ሰውን በጣም የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን አይደለም፤ ብዙ እየተጠየቀ በሥራው አካሄድ ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣቱ ነው። ወደብ ላይ የሚጠበቀው ወረፋ፣ የጉምሩክ ፍተሻ፣ የዕቃው ባለቤት ጥድፊያ፣ የመንገዱ ጸጥታ፣ አንዳቸውም በሾፌሩ እጅ አይደሉም። ክፍያው በምልልስ ብዛት የሚሰላ ከሆነ ደግሞ የተኛበት ሰዓት ሁሉ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ይሆናል። እንቅልፍ ያጣ ሰው አካል በምሽት ሊቀንስ የሚገባውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ አድርጎ ይይዛል። በዚህ መንገድ ጭንቀት እንቅልፍን ያባርራል፣ የእንቅልፍ እጦትም ጭንቀትን ያቆያል።

«እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለው የተለመደ መልስ በጥናት ፊት አይቆምም። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ቫን ዶንገን እና ባልደረቦቹ ጤናማ ሰዎችን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 4፣ 6 ወይም 8 ሰዓት አስተኝተው ንቃታቸውን ለኩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ቀን በቀን እየደከሙ ሄደው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ያልተኛ ሰው የሚያሳየው ድክመት ላይ ደረሱ። ከሁሉ የሚያስፈራው ሌላ ግኝት ነው። ተሳታፊዎቹ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የእንቅልፍ ስሜታቸው ብዙም እንዳልጨመረ ይናገሩ ነበር። ችሎታቸው እያሽቆለቆለ ስሜታቸው ግን ባለበት ቀረ። በአውስትራሊያ ድሩ ዶውሰን እና ካትሪን ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ደግሞ ለ17 ሰዓት የነቃ ሰው ብቃት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመጣጠናል። ጠጥቶ የሚነዳን የሚያወግዝ ኅብረተሰብ ሳይተኛ የሚነዳን «ጎበዝ» ሲል መስማት ያሳዝናል።

ጉዳቱ በመንገድ ላይ አያበቃም። ኢቭ ቫን ካውተር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 አስራ አንድ ጤናማ ወጣቶችን ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲያስተኙ፣ ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የማስወገድ አቅሙ በግልጽ ቀነሰ። እንቅልፍ ሲያንስ የረሃብ ሆርሞኖችም ይዛባሉ፤ ሰው ጣፋጭና ጉልበት ሰጪ ምግብ ያምረዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሲወፍር በእንቅልፍ ላይ የመተንፈሻ መንገዱ የመዘጋት ዕድሉ ይጨምራል። እያንኮራፋ ስምንት ሰዓት ቢተኛ እንኳ ሳያርፍ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2016 ለ745,000 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ሞቱም በስትሮክና በልብ ሕመም የመጣ ነው።

ሾፌሩ በዚህ ብቻውን አይደለም። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ዲዩቲ የሚያድሩ ተለማማጅ ሐኪሞች አሉ። ክሪስቶፈር ላንድሪጋን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ቦስተን ውስጥ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ተለማማጆች አጠር ባለ ፈረቃ ከሚሠሩት 36 በመቶ የሚበልጥ ከባድ የሕክምና ስሕተት ፈጽመዋል። በዐረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ደግሞ የመኝታ ሰዓታቸውን የሚወስነው አሠሪው ነው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የቤት ሠራተኛ የሥራ ቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ በሕግ ደንግጋለች። ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን የሚቆጥር ግን ማን ነው?

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራም ይከለክላል። ለሌሎች ሠራተኞች ግን በእነዚያው ሰዓቶች ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ ይሰጣል። ለሌሊቱ ዋጋ ተተምኗል ማለት ነው፤ ድካሙ ራሱ ግን በክፍያ አይቃለልም። የአውሮፓ ኅብረት በ561/2006 ደንቡ ሌላ መንገድ መርጧል፤ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ የቀን ጉዞው በመደበኛነት ከዘጠኝ ሰዓት አያልፍም፣ ታኮግራፍ የተባለው መሣሪያም ይህን ይመዘግባል።

እንዲህ ያለ ቁጥጥር ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። በአዋሽና በሚሌ መካከል ጥላና ነፋሻ ማረፊያ ያለው፣ ጥበቃ የሚደረግለት የመኪና ማቆሚያ መሥራትም እንዲሁ። እስከዚያው ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያዘጋጀው የኤፕዎርዝ መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ሰውየው ተቀምጦ ሲያነብ፣ ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ በትራፊክ ሲቆም ምን ያህል እንደሚያንቀላፋ ይጠይቃል። በድምሩ ከ10 በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው ምርመራ ያስፈልገዋል። የከባድ መኪና ሾፌር ለመንጃ ፈቃድ ዓይኑን ሲመረመር እነዚህን ጥያቄዎች አብሮ መጠየቅ አዲስ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።